በመቀስ የተከፈተ ደብዳቤ

ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አለቃቸው ወረቀት ይዞ ወደ ወርክሾፑ ገብቶ «እጃችሁን አንሱ» ሲል፣ አሥራ ስድስቱም ሴቶች የሰሙትን አላመኑም። ይህ ሰው ሥራ ሲያስቆም ታይቶ አያውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የቆመ ቀን እንኳ እሱ አልቆመም፤ «ሰዓቱ» የሚል ስም ያወጡለትም በዚሁ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው? ፊትዎ እኮ ሳሙና መስሏል» አለች ረጅሟ። ከሁሉም ከፍ ያለ ወንበር የተሠራላት፣ ምላሷም ከወንበሯ የማያንስ ሴት ናት።

«ዝም በይና ስሚ።»

ቆሞ አነበበ። «ንጹሕ እጅ» የተባለው ካርድ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቶባቸዋል።

ካርዱን ሁሉም ያውቁታል። እነሱ ዘርፉን በሚቋጩት በእያንዳንዱ የአንገት ልብስ ላይ የሚንጠለጠል፣ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ወረቀት ነው። ይህን የሠራችው ሴት በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ በሚመች ወንበር፣ በተወሰነ ሰዓትና በተገቢ ደመወዝ፣ በስሟ ተመዝግባ ሠርታለች ብሎ ለገዢው ይመሰክራል። ያለዚያ ካርድ መሃል ከተማ ያለችው ሱቅ አንዲት ክር አትቀበልም። ከዚያች ሱቅ በቀር ደግሞ ሥራቸውን የሚወስድ የለም። ካርዱ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ አለ፤ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ። ጓደኞቿ ባለፎቶዋ ይሏታል።

«ምክንያት» ሲል ቀጠለ ሰዓቱ፣ «ያልተመዘገበ እጅ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሥራችሁን መሥራቱ ስለተረጋገጠ። ማስረጃ አንድ፣ ከሱቁ የተወሰዱ ዘጠኝ የአንገት ልብሶች። ማስረጃ ሁለት...» ጉሮሮውን ጠረገ። ባለፎቶዋን አላያትም፤ አለማየቱን ግን ሁሉም አዩት። «ማስረጃ ሁለት፣ የሠራተኛዋ የራሷ ደብዳቤ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁለት ፎቶ ታትሞበታል። በመጀመሪያው ላይ በአራት የታጠፈች ደብዳቤ በሰማያዊ ክር ታስራለች፤ ከቋጠሮዋ ጎን ማስመሪያ ተቀምጧል። በሁለተኛው ላይ ክሩ ተቆርጧል። ደብዳቤዋ ተዘርግታ እስከ መጨረሻው መስመር ትነበባለች።

«ይቺ ያንቺ ጽሕፈት አይደለችም እንዴ?» አለች ረጅሟ ዝግ ብላ። ድምጿ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረም።

ባለፎቶዋ ዓይኗን ከቋጠሮው ላይ አልነቀለችም። ያን ሰማያዊ ክር ያሰረችው በገዛ እጇ ነው፤ ያሰረችውም ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የያዘችውን ክር ሳታውቀው ጣቷ ላይ ስትጠመጥም ቆይታ የጣቷ ጫፍ ጠቁሯል። የሚያማት ግን ሌላ ቦታ ነበር።

*

ሰውየውን ሴቶቹ «ሜትሩ» ይሉታል። የካርዱ ተቆጣጣሪ ነው። የቀጠረው የሱቆቹ ማኅበር ሲሆን፣ ሥራቸውን የምትገዛው ሱቅ ባለቤት እናቱ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ይመጣል፤ የመስኮቱን ብርሃን በመሣሪያ፣ የወንበሩን ቁመት በሜትር ይለካል፤ ከዚያ ቅጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይጠይቃል።

«ወንበርሽ ይመችሻል?» ብሎ ጠየቃት በመጀመሪያው ቀን።

«ለእኔ ነው ለቅጹ?»

ቀና ብሎ አያት። ዓመት ከአራት ወር ሆነው፤ እስክሪብቶው አየር ላይ እንደቆመ ግን እስከ ዛሬ ይታያታል።

«ለቅጹ» አለ።

«ለቅጹ ይመቸኛል።»

«ላንቺስ?»

«እሱን ቅጽ ሳትይዝ ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

ቅጽ ሳይዝ መምጣት አይፈቀድለትም። ተቆጣጣሪ ከሠራተኛ ጋር ከጥያቄዎቹ ውጭ እንዳይነጋገር ደንቡ ይከለክላል፤ እሱ ደግሞ ደንብ የሚጥስ ሰው አይደለም። ስለ መጻፍ ግን ደንቡ ምንም አይልም። አንድ ማክሰኞ የወንበሯን ቁመት ሊለካ ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫዋ ጨርቅ ሥር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወንበሯ ከአሥራ ስድስቱ ሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚፈጅ ወንበር ሆነ። ረጅሟ «ይህ ወንበር በየሁለት ሳምንቱ ያድጋል መሰለኝ» እያለች ታስቃቸው ነበር።

ደብዳቤዎቹ እሱን ይመስላሉ። «ዛሬ ከመስኮትሽ የሚገባው ብርሃን ካለፈው በአንድ አምስተኛ ጨምሯል። የሚያርፈው በግራ ጉንጭሽ ላይ ነው።» ወይም፣ «ስታስቢ አንገትሽን ወደ ቀኝ ሦስት ጣት ያህል ታዘነብያለሽ። ለክቼ አይደለም፤ ዓይኔ ለምዶት ነው።» እወድሻለሁ የሚል ቃል አንድም ቀን አልጻፈም። እሷ ግን እያንዳንዱን ደብዳቤ ስትከፍት ያንን ቃል ነበር የምትፈልገው። ስታጣው «በሚቀጥለው ይሆናል» ብላ ታጥፈዋለች።

የእሷ ደብዳቤዎች በሙጫ አይታሸጉም። ዘርፍም በምትቋጭበት፣ እናቷ ባስተማረቻት ቋጠሮ በአምስት ክር ታስራቸዋለች። አራቱን ክሮች የሳበ ሰው ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም። አምስተኛውን የሚያውቅ በሁለት ጣት ሳብ ካደረገው ሁሉም በአንዴ ይበተናል። የትኛው እንደሆነ ለእሱ ብቻ ነው ያሳየችው፤ ወንበሯን ሲለካ፣ ቃል ሳትናገር፣ ትንሿን ጣቷን ክሩ ላይ አሳርፋ።

እናቷ ሠላሳ ዓመት ዘርፍ የቋጨችው መስኮት በሌለው ክፍል፣ በአንድ ደካማ አምፖል ሥር ነው። ዓይኗን እዚያው ትታ ወጣች። ጣቶቿ ግን ምንም አልረሱም። ልጅቷ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ ጥቂት የአንገት ልብሶች ይዛላት ትገባለች። እናትየዋ በማግስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ለብርሃኑ ሳይሆን ለሙቀቱ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ ስትቋጭ ትውላለች። «ዛሬ ስንት አመጣሽልኝ?» ስትል ድምጿ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነው። ሰዓቱ ያውቃል፤ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሊያስመዘግባት ሞክሮ ነበር። ቅጹ የዓይን ምርመራ ውጤት ጠየቀ።

«ከዚህ ክፍል ውጭ ትሠሪያለሽ?» ይላታል ሜትሩ በየሁለት ሳምንቱ።

«አልሠራም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሷ አትሠራም። ያቺ መልስ ግን እያደር ጎረበጣት። ጠያቂው ሌላ ሰው ቢሆን ግድም አልነበራት። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ተቀምጣ ጻፈችለት። «ይህን የምነግርህ ለቅጹ አይደለም፤ ለአንተ ነው» ብላ ጀመረች። የእናቷን ጣቶች፣ መስኮቱን፣ ምርመራውን፣ ሁሉንም ጻፈች። ምን ይሻላል ብላ ጠየቀችው። በሰማያዊ ክር አስራ ከመቀመጫዋ ሥር አኖረችው፤ በማክሰኞውም ወሰደው።

ቀጣዩ ማክሰኞ አልመጣም። ጨርቁን እያነሣች ስታይ ሰነበተች። አሁን መልሷን አገኘች፤ ማኅተም ተመትቶበት።

*

ባለፎቶዋ እስከዚያ ቀን ያቺ ሱቅ ውስጥ ገብታ አታውቅም። የመስታወቱ በር ሳትነካው ተከፈተላት። ውስጡ ሳሙናና አዲስ እንጨት ይሸታል። ግድግዳው ሙሉ የአንገት ልብስ ነው፤ በእያንዳንዱም ላይ የራሷ ፊት ተንጠልጥሎ ይስቃል። ፎቶውን ያነሷት ቀን ሜትሩ ከካሜራው ኋላ ቆሞ ነበር። የሳቀችው ለእሱ ነው። ይህን ሳቅ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ እንደሚሄድ ያኔ አላሰበችም።

የሱቋ ባለቤት፣ ሽበቷን በወግ ያሰረች ሴት፣ ካርዶቹን በመቀስ እየቆረጠች ካርቶን ውስጥ ትጥላለች። አጠገቧ አንዲት ደንበኛ ቆማለች።

«እኔ እኮ ርካሹን ትቼ ከእናንተ የምገዛው ሕሊናዬ እንዳይወቅሰኝ ብዬ ነው» ትላለች ደንበኛዋ። «ባለፈው የገዛሁትንስ ምን ላድርገው? መልበስ ይቻላል?»

«ይመልሱት፣ እንቀይርልዎታለን።»

«አይ፣ እሱንስ ወድጄው ነበር።» ቀና ስትል ባለፎቶዋን አየቻት፤ ከዚያ ካርዱን፤ ከዚያ መልሳ እሷን። «ውይ! ፎቶዋ አይደለችም እንዴ?»

የሱቋ ባለቤት ዞረች። «አንቺ ነሽ?» አለች። ድምጿ ክፉ አልነበረም። «በፎቶው ወፈር ትያለሽ።»

«ልጅዎን ፈልጌ ነው።»

መቀሱ ቆመ። «ለሥራ ጉዳይ ከሆነ ማኅበሩ ጋ ነው የሚኬደው፣ የኔ ልጅ።»

«ለሥራ አይደለም።»

የሱቋ ባለቤት ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት። ያኔ ነው የገባት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ በመካከላቸው ሃምሳ ያህል ሳቂታ ፊቶች ተንጠልጥለው ነበር።

«በደንብ ያሳደግኩት ልጅ ነው» አለች በመጨረሻ፤ ለማን እንደምትናገር ግልጽ አልነበረም። «ከኋላ ክፍል ነው ያለው።»

ባለፎቶዋ በካርቶኑ በኩል ስታልፍ ወደ ውስጥ አላየችም። ፊቷ ላይ መርገጥ የፈራች ይመስል እግሯን አንሥታ ተራመደች።

*

የኋላ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያ በታሸጉ ካርቶኖች የተሞላ። ሜትሩ እንዳያት ብድግ አለ። ከስቷል።

«ልመጣ ነበር» አለ።

«ሜትርህን ይዘህ?»

«እባክሽ።»

«በምን እንዳወቅክ ንገረኝ። አንድ በአንድ። አንድ በአንድ ታውቅበት የለ?»

ነገራት። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ዘርፎች ሲመለከት ቋጠሮዋን አወቀው። በመዝገቡ መሠረት በሳምንት የምትጨርሰው አሥራ ሁለት ነው፤ የዚያን ሳምንት ግን የእሷ ቋጠሮ ያለበት ሃያ አንድ አገኘ። ቋጠሮዎቹን በማስመሪያ ለካቸው፤ አንድ ናቸው።

«ቤት ወስደሽ የምትሠሪ መሰለኝ። ከሥራ በኋላ፣ ደክሞሽ፣ በደካማ መብራት። በየሁለት ሳምንቱ ዓይን ዓይኔን እያየሽ የዋሸሽኝ መሰለኝ። ተናደድኩ። ከንዴቱ ይልቅ ግን... ዓይንሽን ልታጠፊው ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ደብዳቤዬ ያን ጊዜ እጅህ ገብቶ ነበር።»

«የዚያኑ ቀን ነው የገባው።»

«ሁሉንም ጽፌልህ ነበር እኮ! እያንዳንዱን ነገር። እሱን አንብበህ እንዴት አስቻለህ?»

ወለሉን አየ።

«አላነበብኩትም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ቋጠሮውን ከዘርፎቹ ጋር ማስተያየት ነበረብኝ። ከፈታሁት ይበተናል፤ ማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ እንደታሰረ ለማኅበሩ ኮሚቴ አስገባሁት። ቋጠሮውን ብቻ አይተው ይመልሱልኛል፣ ከዚያ አነበዋለሁ ብዬ ነው። እነሱ ግን በመቀስ ከፈቱት። እኔ ያነበብኩት ከውሳኔው ጋር የመጣውን ቅጂ ነው።»

ከሱቁ በኩል የመቀሱ ድምፅ ይሰማል። ቅጭ። ቅጭ። ባለፎቶዋ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«አምስተኛውን ክር ታውቀው ነበር» አለች። «በዓለም ላይ ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው።»

«አውቀው ነበር።»

«ሁለት ጣት ነው የሚፈልገው። ሁለት ጣት!»

«ትክክለኛውን ያደረግኩ መስሎኝ ነው። ደንቡ የወጣው እኮ ለእናትሽ ዓይነት ሰው ነው፤ ማንም እንደሷ እንዳይታወር ነው።»

«ለእሷ ያወጣችሁትን ደንብ እሷው ላይ አነበባችሁት። ዓይኗን በወሰደው ክፍል ላይ አንድም ቀን ማስረጃ አልቀረበም። የጣቷን ሥራ ግን በማስመሪያ ለካችሁት።»

ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «አንድ መንገድ አለ» አለ። «ይህን ከፈረምሽ ካርዱ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ለአሥራ ስድስታችሁም።»

አነበበችው። ከዛሬ ጀምሮ ክር ወደ መኖሪያ ቤቴ አላስገባም። ያልተመዘገበች ሰው ዘርፍ እንድትነካ አልፈቅድም። ቤቴ በየወሩ እንዲታይ ተስማምቻለሁ።

«የሚያየው ማነው? አንተ?»

«ሌላ ሰው ይላካል። እኔ ራሴን አግልያለሁ።» ሁለተኛ ወረቀት ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

የጥቅም ግጭት ካለ ይገለጽ በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ በዚያ በምታውቀው ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «ከሠራተኛዋ ጋር የፍቅር ግንኙነት አለኝ። እወዳታለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዓመት ከአራት ወር በየወረቀቱ እጥፋት ውስጥ ስትፈልገው የኖረችው ቃል በአራት መስመር ታጥሮ እዚህ ተቀምጧል።

«እናትህ የሱቁ ባለቤት ስትሆን ይህ ሳጥን ባዶ ነበር?»

ዓይኑን ከሳጥኑ ላይ አነሣ።

«እንደምትወደኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍከው ለኮሚቴ ነው።»

«የሚጻፈው እዚያ ስለሆነ...» ብሎ ጀመረና የገዛ ድምፁን ሲሰማ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እሱ ሲንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ብታየው ኖሮ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት እንኳ ብታየው ኖሮ፣ እጁን ትይዘው ነበር። «አግቢኝ» አለ። «እናትሽን ይዘናት እንኖራለን። ጥሩ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። ከእንግዲህ ምንም ሳትሠራ ታርፋለች።»

«ያጣችው ዕረፍት አይደለም። ሠላሳ ዓመት በጨለማ ሠርታ፣ በፀሐይ መሥራት የጀመረችው አሁን ነው። አንተ ደግሞ እንድታርፍ ፈረድክባት።»

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ አደርገዋለሁ።»

«እስክሪብቶ ስጠኝ።»

ሰጣት። ስለ እናቷ ብቻ ብታስብ ኖሮ ወረቀቱን ቀድዳ በወጣች። ነገር ግን የረጅሟ ከፍ ያለ ወንበር ዓይኗ ላይ መጣ፤ ከዚያ የቀሩት አሥራ አራት ወንበሮች፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው ሆነው። ፈረመች። የምስክር ፊርማ የሚለው መስመር ላይ እሱ ፈረመ። ሁለቱ ፊርማዎች ጎን ለጎን ሆኑ፤ ቀለሙ አንድ፣ ቀኑ አንድ።

«ሌላ ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ሰው ተሰብስቦ ያጨበጭብልን ነበር» አለችና ተነሣች። «ደብዳቤዬን መልስልኝ።»

ኮሚቴው ከተቆረጠው ክር ጋር አሽጎ በመለሰለት፣ ቁጥር በተለጠፈበት ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ሰጣት። እጁ ግን ወዲያው አልለቀቀም። «ዋናውን አንድ ጊዜ ባነበውስ?» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ያንቺን እጅ...»

«ቅጂው ይብቃህ።»

በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ኋላ ማየት ፈለገች። አንገቷን ሦስት ጣት ያህል አዘነበለች፤ እንደሚያያት ስለምታውቅ መልሳ አቀናችው።

*

እናቷ መስኮቱ ሥር ነበረች። የከሰዓቷ ፀሐይ ከፊቷ ወርዳ ጉልበቷ ላይ አርፋለች።

«ዛሬ ስንት አመጣሽልኝ?»

«ዛሬ የለም እማዬ። ክር አልቆባቸዋል።»

«ነገስ?»

«ነገም... የሚገኝ አይመስለኝም።»

የእናትየዋ እጆች ጭኗ ላይ ሆነው ባዶውን ይቋጫሉ፤ አምስት፣ እንደገና አምስት።

«ያ የሚንኮሻኮሸው ምንድነው?»

ልጅቷ ላስቲኩን ደብቃ መያዟ ነበር። ከእሷ መደበቅ ግን ሆኖላት አያውቅም። ከፍታ የተቆረጠውን ክር መዳፏ ላይ አኖረችላት። ክር ወደ ቤቷ ላታስገባ ከፈረመች ሁለት ሰዓት አልሞላትም።

እናትየዋ ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ አገላበጠችው፤ ፈገግ አለች። «ይሄ ያንቺ እጅ ነው። ሦስተኛውን ክር ሁልጊዜ ላላ ታደርጊዋለሽ። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ! የእኔ ጠበቅ ነው የሚለው።»

ልጅቷ ጣቷን ሰድዳ ሦስተኛውን ክር ነካች። ታዲያ ልዩነቱ እዚያው ነበር። ዘጠኙም የአንገት ልብሶች ላይ ነበር፤ ማስመሪያ የማያገኘው፣ የነካ ጣት ሁሉ የሚያውቀው። ያ ሁሉን የሚለካ ሰው አልነካውም።

የእናቷ ጣት ከተቆረጠው ጫፍ ደረሰና ቆመ።

«መቀስ ነው» አለች። «ማነው የቆረጠው?»

«ሰዎች ናቸው።»

«የሚፈታውን ክር ባያውቁ ይሆናል። ምን አለበት፣ ቢጠይቁን እናሳያቸው ነበር።»

«ለእነሱ የሰጣቸው ሰው ያውቀው ነበር፣ እማዬ።»

እናትየዋ ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ምናልባት ከድምጿ አወቀችው፤ ወንበር ስለሚለካ ሰው ስንቴ እየሳቀች ነግራታለች። ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች ፈልጋ አገናኘቻቸውና ሳብ አድርጋ አሰረቻቸው።

«እንኪ። አጥብቄልሻለሁ። እንዲፈታ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም። እንዲህ እንዳለ ይቀመጥ።»

እናትየዋ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው ጉልበቷ ላይ ቀጣዩን ዘርፍ ፈለጉ። ሲያጡት ወደ ጎን ሄዱና የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ አገኙ፤ ከስፌቱ የወጡ ጥቂት ክሮች ነበሩበት። አምስቱን ለየቻቸው። መቋጨት ጀመረች። ልጅቷ እንባዋ እናቷ እጅ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ብርሃኑ በግራ ጉንጯ ላይ አረፈ፤ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግራት አልነበረም።